ስለ ወሲብ በአማርኛ መጠየቅን ለነርሶቻችን ማን ያስተምራቸው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ተማሪዎች ይዤ አንድ ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ። ተራ የደረሳት የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ናት። ጎበዝ ናት፤ ክፍሉን በውጤት የምትመራው እሷ ነች። ፊት ለፊቷ ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ነጠላዋን አጣፍታ ቁጭ ብላለች። ተማሪዬ ፎርሙን አየች። እስክሪብቶዋን አነሳች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሴክሹዋሊ አክቲቭ ነሽ?» አለቻት፤ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ታደርጊያለሽ ወይ ማለቷ ነው።

ሴትየዋ አሰብ አደረገችና «አዎ፣ ድሮም አክቲቭ ነኝ። የቤቱን ሥራ ሁሉ የምሠራው እኔው ነኝ» አለች።

ተማሪዬ «አዎ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ያኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ይቺ ልጅ እንቁላል በወር አበባ ዑደት ውስጥ መቼ እንደሚለቀቅ ታውቃለች። የዲፖ መርፌ በየ3 ወሩ እንደሚወጋ፣ ክንድ ውስጥ ከሚቀበሩት ኢምፕላንቶች ኢምፕላኖን 3 ዓመት፣ ጃዴል 5 ዓመት እንደሚሠራ ከእንቅልፏ ብትቀሰቅሷት ትነግራችኋለች። ያጣችው አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ነው። እሱን ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ ማንም አላስተማራትም። እኔም ጭምር።

የሥነ ተዋልዶ ጤና በነርሲንግ ትምህርት ውስጥ ተዘንግቷል የሚል ካለ ተሳስቷል። ሞልቷል። አናቶሚ አለ፣ ማተርኒቲ ነርሲንግ አለ፣ ጋይኒ (የማህፀን ሕክምና) አለ፣ ተላላፊ በሽታዎች አለ፣ የቤተሰብ ምጣኔ አለ። ተማሪዎቹ ስኪል ላብ፣ ማለትም የተግባር መለማመጃ ክፍል፣ ገብተው በፕላስቲክ ክንድ ላይ ኢምፕላንት መቅበር ይለማመዳሉ። በፕላስቲክ ማህፀን ውስጥ ሉፕ ያስገባሉ። መምህሩ ቼክሊስት ይዞ አጠገባቸው ይቆማል። እጅ መታጠብ፣ ጓንት ማድረግ፣ ማደንዘዣ መውጋት፣ ቦታውን ማሸግ፣ ሁሉም የየራሳቸው መስመር አላቸው። «ምክር መስጠት» ግን ብዙ ጊዜ አንዲት መስመር ናት። ተማሪው ወደ ፕላስቲኩ ዞሮ «ካውንስል አድርጌያለሁ» ይላል፤ መምህሩ ራይት ያደርጋል። ፕላስቲክ አያፍርም። አይጠይቅም። «ባለቤቴ እንዳያውቅብኝ» አይልም።

ትምህርቱ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእንግሊዝኛ ነው። መጽሐፉ፣ ሌክቸሩ፣ ፈተናው። ይህ ለልብና ለሳንባ ብዙም አይጎዳም፤ «ደረትዎን የት ላይ ነው የሚያምዎት?» ለማለት ማንም አይቸገርም። ወገብ አካባቢ ሲደረስ ግን ተማሪው እንግሊዝኛን እንደ መጋረጃ ይስበዋል። «ሴክስ» ማለት «ወሲብ» ከማለት ይቀልለዋል። «ቫጃይና» ሲል ፊቱ አይቀላም። መጋረጃው እሱን ከእፍረት ያድነዋል። ታካሚዋን ግን ውጭ ያስቀራታል።

አማርኛ ቃል አጥቶ አይደለም። ቃላቱ በየቤቱ ተበታትነው ስለሚኖሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን «ሩካቤ» እና «ልማደ አንስት» ትላለች። ጤና ቢሮው «ግብረ ሥጋ ግንኙነት»፣ «ብልት»፣ «አባላዘር» ይላል። የሰፈር ልጆች የሚሉትን እዚህ አልጽፈውም፤ ታውቁታላችሁ። ታካሚዋ ከሦስቱም ቤት አትበደርም። «ከባለቤቴ ጋር ስንተኛ» ትላለች። «አበባዬ ቀረ» ትላለች። «ከወገቤ በታች ያመኛል» ትላለች። ይህ «ከወገብ በታች» የሚባለው ሰፊ አገር ነው፤ ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እስከ ማህፀን መውጣት ሁሉም እዚያ ይኖራል። ወንዱ ደግሞ «ትንሽ ድካም አለብኝ» ይላል። ቫይታሚን ተጽፎለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመጣው ግን ስንፈተ ወሲብ አስጨንቆት ነበር።

የበሽታዎቹ ስምም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ከርክር፣ ባምቡሌ። አያቶቻችን ለየብቻ ስም ሰጥተዋቸዋል። ግን ስሞቹ ውለው አድረው ስድብ ሆኑ። ነርሷ ሰው ላለማስቀየም «አባላዘር» ብላ ታለሰልሰዋለች። ከገጠር የመጣው ሰውዬ «አባላዘር» ሲባል ምኑም አይገባውም፤ የግእዙ «አባለ ዘር» መሆኑን ማን ነገረው? «ጨብጥ» ብትለው ይገባዋል፣ ግን ተነስቶ ይወጣል። መሃል መንገድ አለ። «ሽንትዎን ሲሸኑ ያቃጥልዎታል? መግል የመሰለ ነገርስ ያያሉ?» ብሎ ምልክቱን መጠየቅ ነው። በጤና ጣቢያዎቻችን የአባላዘር በሽታ በአብዛኛው የሚታከመው በምልክቱ ነው፤ የላብራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ። ስለዚህ ላብራቶሪው የነርሷ አፍ ነው። ጥያቄው ከተበላሸ ውጤቱም ተበላሸ ማለት ነው።

በዚያው ጤና ጣቢያ ሃያ ዓመት የሠሩ አንዲት ሲስተር ነበሩ። ከሰዓት በኋላ እሳቸው ሲሠሩ ተማሪዎቼን አስቀምጬ አሳየኋቸው። ሌላ ሴት ገባች። ሲስተር ፎርሙን ገልብጠው ወደ ጎን አስቀመጡት።

«ልጅ አለሽ?»

«አንድ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሁለት ሊሆነው ነው።»

«ያሳድግልሽ። አባቱ እዚሁ ነው ወይስ ለሥራ ይወጣል?»

«ሾፌር ነው። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣል።»

«ሲመጣ ስትገናኙ የሚያምሽ ነገር አለ? ወይ ያስቸገረሽ?»

ሴትየዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «አለ» አለች።

አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ባል እንዳላት፣ መቼ መቼ እንደሚገናኙ፣ አደጋው ከየት ሊመጣ እንደሚችል፣ ሕመም እንዳለ፣ ሁሉም ወጣ። «አክቲቭ» የሚል ቃል አላስፈለገም። ሲስተር ይህን ከየት እንደተማሩት ስጠይቃቸው ሳቁ። «ከሴቶቹ ነዋ!»

ችግሩ ሁሉም ተማሪ ሃያ ዓመት መጠበቅ ስለማይችል ነው። እስከዚያ የሚያልፉበት ታካሚዎች አሉ።

ጥያቄ አንዱ ነገር ነው። መልስ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች 8 ከመቶ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 36 ከመቶ ደረሱ፤ በ2011 ደግሞ 41። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ ቀላል አይደለም። ያው የ2008ቱ ጥናት ግን ሌላም ነገር ይነግረናል። አንድ ዘዴ ከተጀመረ በኋላ 12 ወር ሳይሞላ የሚቋረጠው 35 ከመቶ ያህል ነው። መውለድ ፈልገው የሚያቆሙ አሉ፤ ደግ። ደሙ አስፈርቷቸው የሚያቆሙም አሉ።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም የእኛ የትምህርት ክፍተት ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ነው። መጽሐፉ ኢምፕላንት የተዛባ ደም ሊያስከትል እንደሚችል ይነግርና ለተማሪው አንድ ትእዛዝ ይሰጠዋል፦ ደንበኛዋን አረጋጋ። ተማሪው ያረጋጋል። «አይዞሽ፣ ኖርማል ነው» ይላል። በሕክምና ዓይን እውነቱን ነው። ግን ያቺ ሴት ኦርቶዶክስ ከሆነች ደም እያያት ቤተ መቅደስ አትገባም። ሦስት ሳምንት ጠብ ጠብ ካለባት ሦስት እሑድ ከውጭ ቆማ ነው የምታስቀድሰው። ጎረቤት ያያታል። አማቷ ያያሉ። ሙስሊም ከሆነች ደግሞ «ሶላቴን ልስገድ ወይስ ልተው? ረመዳን ቢገባስ?» የሚል ጥያቄ አለባት። ለተማሪው ጥቂት ጠብታ የሆነው ነገር ለእሷ የእምነት ጉዳይ ነው። «ኖርማል ነው» የሚለው መልስ ጥያቄዋን ስላልሰማ አይመልሰውም። ነርሷ ስለዚህ ነገር ከመቅበሯ በፊት ብታነሳው ኖሮ ሴትየዋ ምናልባት ሉፕ ትመርጥ ነበር፤ ምናልባትም ያው ኢምፕላንቱን መርጣ፣ የሚመጣውን አውቃ ትታገሥ ነበር። የትኛውም ቢሆን ምርጫው የእሷ ይሆን ነበር።

ዲፖ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ደሙ ሊቀር ይችላል። ያኔ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ደሙ የት ሄደ?» ሆዷ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚያሳብጣት፣ ራሷ ላይ የሚወጣ ይመስላታል። ተማሪው ስለ ኢንዶሜትሪየም፣ ስለ ማህፀን ውስጠኛ ሽፋን፣ ቢያስረዳት ምን ይገባታል? አንድ ተማሪ ግን እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «እናቴ፣ ማህፀን በየወሩ እንግዳ ይመጣል ብሎ አልጋ ያነጥፋል። እንግዳው ሲቀር ያነጠፈውን ያነሳል፤ ደሙ እሱ ነው። መርፌው አልጋ እንዳያነጥፍ አድርጎታል። ያልተነጠፈ ነገር ደግሞ አይነሳም።» ሴትየዋ «እህ!» አለች። ያን ቀን ከዚያ በላይ ማርክ የሰጠሁት ተማሪ የለም።

አራስ ቤትም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ከወሊድ በኋላ ስድስት ሳምንት ይላል። አራሷ የምትቆጥረው በክርስትናው ነው፤ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን። «ጡት እያጠባሁ አላረግዝም» ብላም ታምናለች። ግማሽ እውነት አላት። ሕፃኑ ከጡት ሌላ ምንም ካልቀመሰ፣ አበባዋ ካልተመለሰ እና ስድስት ወር ካልሞላው ጡት ማጥባት በእርግጥ ይከላከላል። ሦስቱም አንድ ላይ ሲሟሉ ነው ታዲያ። ሕፃኑ ውሃ በማንኪያ ከጀመረ ሒሳቡ ተበላሸ። ይህን የምትሰማው ግን መጀመሪያ አርባ ሰማንያዋን የሚያከብርላት ሰው ሲነግራት ነው።

የዚህ አገር ነርሲንግ ከወሊድ ሞት ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን እንግሊዝ አገር ነርሲንግ የተማረች ናት። አገሯ ተመልሳ፣ አግብታ፣ ነቀምቴ ሳለች በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት አረፈች። ነርስ ነበረች፣ የንጉሥ ልጅ ነበረች፣ አልዳነችም። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በ1992ቱ ጥናት ከ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ 412። ቁጥሩ ወርዶ ነበር፣ ግን ያኔም የሚያስደነግጥ ነበር። በዚያው በ2008 ጤና ተቋም የወለዱት 26 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለምን አልመጣችሁም ሲባሉ ከመንገዱ እርቀት እና ከገንዘቡ ሌላ የሚሉት አለ፤ «ይጮሁብናል»፣ «ሰው ሁሉ ያየናል»።

ሰው ሁሉ ያያታል የሚለው ማጋነን አይደለም። ተማሪ በዝቷል። አንዲት ምጥ ላይ ያለች ሴት አልጋ ዙሪያ ሰባት ስምንት ነጭ ጋዋን ቆሞ አይቻለሁ። ተማሪው የሠራውን የሚመዘግብበት ሎግቡክ ላይ ይህን ያህል ወሊድ ማዋለድ ይላል፤ አዋላጁ አንድ፣ ሎግቡክ የያዘው ስምንት። ወንዶቹ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ መከራ አለባቸው። «ወንድ ነው እንዴ የሚያየኝ?» ይባልና ጉዳዩ ያልቃል። የተከለከለው ልጅ ጥግ ይዞ ያያል፣ ሎግቡኩን ግን ይሞላል። አራት ዓመት ጨርሶ ገጠር ሲመደብ ብቻውን ነው። ያኔ «ወንድ ነው» ቢባልም የሚተካው የለም። ስሙን ተናግሮ፣ ተማሪ መሆኑን አምኖ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ እናቷን ወይም እህቷን አጠገቧ አቁሞ መሥራትን የሚማረው መቼ ነው? አብዛኞቹ ሴቶች በደንብ ከተጠየቁ እንደሚፈቅዱ ከልምድ አውቃለሁ። የሚከለክሉት ሳይጠየቁ ሲገለጡ ነው።

ሕጉንም ሳላነሳ አላልፍም። ተማሪዎቼን በየዓመቱ እጠይቃለሁ፦ «ተደፍራ ያረገዘች ልጅ ብትመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ግማሹ «ክልክል ነው» ይላል። ሌላው «የፖሊስ ወረቀት ታምጣ» ይላል። ሁለቱም ስህተት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ መካከል በተፈጸመ ግንኙነት ያረገዘች ሴት ደግሞ በአንቀጽ 552 መሠረት የራሷ ቃል በቂ ነው። ማስረጃ አምጪ አትባልም። ወረቀት ፍለጋ የተባረረች ልጅ ወደ ሕጉ አትመለስም፤ ወደ ጓዳ ነው የምትሄደው።

አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ የነፍስ አባቴ ምን ይሉኛል?» ብሎኛል። አልሳቅኩበትም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ትክክለኛ ቦታውም ክፍል ውስጥ ነው። እዚህ ተነስቶ፣ ተከራክረንበት፣ እሱም ራሱን አውቆ ይውጣ። «እኔ ይህን መሥራት ይከብደኛል፤ የምትሠራው ባልደረባዬ እዚያ ክፍል ናት፣ ነይ ላድርስሽ» ማለት አንድ ነገር ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ ፊት ላይ «አንቺስ ምን ይዞሽ ሄደሽ?» ማለት ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ ያልተነሳ ጥያቄ በልጅቷ ላይ ነው የሚፈነዳው።

ይህ ሁሉ የሴቶች ጉዳይ፣ የማዋለጃ ክፍል ጉዳይ እንዳይመስል። የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ላይ ግቡ። ስኳር ለብዙ ወንዶች የወሲብ ችግር ያመጣል። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችም እንዲሁ። ማንም አይጠይቃቸውም። ሰውዬው ምክንያቱን ራሱ ይደርስበትና መድኃኒቱን ዝም ብሎ ያቆማል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ነርሷ «መድኃኒትዎን አይወስዱም እንዴ?» ብላ ትቆጣዋለች። እሱም ዝም። ሚስቱም ዝም። እ.ኤ.አ. በ1976 ጃክ አኖን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለዚህ አራት ደረጃ ያለው መንገድ አቅርቧል፤ ፕሊሲት ይሉታል። የመጀመሪያው ደረጃ ፈቃድ መስጠት ነው። ጉዳዩ እዚህ ሊወራ እንደሚችል ማሳወቅ፣ በቃ። «ይህን መድኃኒት የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ከባለቤታቸው ጋር ሲተኙ ችግር ይገጥማቸዋል። እርስዎስ እንዴት ነዎት?» አለቀ። መድኃኒት አያስፈልገውም፣ ስፔሻሊስት አያስፈልገውም። ነርስ ሁሉ ሊያደርገው የሚችል ነው። አራተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ታካሚውን ወደ ስፔሻሊስት ሪፈር ይላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሴሚስተሩ ሲጀመር ነጭ ሰሌዳው ላይ የእንግሊዝኛውን ቃል እጽፍና ተማሪዎቹ እናታቸው፣ አያታቸው፣ የሰፈራቸው ሰው የሚለውን እንዲጽፉ አደርጋለሁ። የመጀመሪያው አሥራ አምስት ደቂቃ ሳቅ ነው። ይሳቁ። ሳቁ ክፍል ውስጥ ካላለቀ ታካሚ ፊት ነው የሚያመልጣቸው። ከዚያ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ ሲዳምኛው፣ ትግርኛው ይመጣል። ጎንደር የተማረ ልጅ ጅግጅጋ ሊመደብ ይችላል፤ አማርኛው ብቻ አያወጣውም። ቢያንስ ቃል እንደጎደለው አውቆ፣ ሲደርስ የአካባቢውን ሰው እንዲጠይቅ ነው የምፈልገው።

የሚጠየቁት ሰዎች ደግሞ አሉ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ አገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሠልጥናለች። ብዙዎቹ ኢምፕላኖን ይቀብራሉ። ቡና እየጠጡ፣ በሰፈራቸው ቋንቋ፣ አማት ባለበት ቤት ውስጥ ነው ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ የሚያወሩት። ዲግሪ የያዘው ነርስ ከእነሱ ብዙ መማር ይችላል። እስካሁን አንዷንም ክፍል ጋብዞ «እስቲ እንዴት ነው የምትጀምሪው?» ያለ ኮሌጅ አላየሁም። ምናልባት ደረጃቸው ዝቅ ስላለ ይሆናል። እኛ ማዕረግ እንወዳለን።

ፈተናውም ካልተለወጠ ተማሪው አይለወጥም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና አለ፤ የምርጫ ፈተና ነው። የትኛው ሆርሞን መቼ እንደሚወጣ ይለካል። አፍ መክፈትን አይለካም። የተግባር ፈተናው ላይ ግን እኛ መምህራኑ ሥልጣን አለን። ባለፈው ዓመት ከፕላስቲኩ ይልቅ ሰው አስቀመጥኩ። ግቢያችን በር ላይ ሻይ የሚሸጡትን እትዬ ለግማሽ ቀን ከፍዬ ታካሚ አደረግኳቸው። የሰጠኋቸው ታሪክ ቀላል ነበር፤ ሽታ ያለው ፈሳሽ አላቸው፣ ለማንም አልተናገሩም፣ በደንብ ለጠየቃቸው ብቻ ይናገራሉ።

ስድስት ተማሪ ገባ። ታሪኩን ያወጡት ሁለቱ ናቸው። ማታ ሒሳባቸውን ስሰጣቸው እትዬን «ሌሎቹ ምን አጠፉ?» አልኳቸው።

«ምን ያጠፋሉ፣ ጨዋ ልጆች ናቸው» አሉኝ። «ብቻ አንዷ ‹ፈሳሽ አለሽ?› ስትለኝ የሚጠጣ መስሎኝ ሻይ አለ ልላት ነበር።»